አዲሱ የቆርቆሮ ልክ

ወይዘሮ አልጣሽ ማክሰኞ ጠዋት በሆጤ ሰፈር የሴቶች ስፌት ቤት ሞተው ተገኙ። ከስፌት መኪናው ሥር ወድቀዋል፤ የመኪናው ብረት እግር ደም ነክቶታል። ምርመራው የተሰጠው ለሃምሳ አለቃ ወርቅአፈራሁ ነበር፤ ትንሽ ተናግሮ ብዙ የሚያይ ፖሊስ ነው።

አልጣሽ ከኮምቦልቻ የሚመጣውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ልክ በሚሉት የካርቶን ቅርጽ ማውጫ ቆርጦ፣ በኮከብ መልክ ገጣጥሞ የአልጋ ልብስ መሥራት ያስተምሩ ነበር። ሰኞ ዕለት የተማሩት ሦስት ሴቶች ናቸው። ሦስቱም «እኩለ ቀን ላይ ወጥተናል» አሉ።

«ተጣልታችሁ ነበር?» ሲል ከሦስቱ አንዷን፣ ሐዋን ጠየቃት።

«ወላሂ አልዋሽም። ኮከቤ አልገጥም ሲለኝ ጮህኩባቸው። ‹ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ የካርቶኑ ልክ ጠርዙ ተበልቶ ቁራጩን እያሳነሰው ነው› አሉኝ። አውፍ ይበሉኝ ሳልላቸው ወጣሁ።»

ፀሐይነሽ ደግሞ አለቀሰች። «ሲመሽ በሩ ገርበብ ብሎ አይቼ አለፍኩ። ምነው ገብቼ ባየኋቸው!»

ሥርጉት ቀና አላለችም። «እኔ እኩለ ቀን እንደወጣሁ ኮምቦልቻ ወርጄ አክስቴ ዘንድ አደርኩ።»

ጠረጴዛው ላይ ካርቶኑ የለም፤ ጠርዙ የሚያብለጨልጭ የቆርቆሮ ልክ ግን አለ። የሠራው ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ሞላ ተጠርቶ መጣ። «ሰኞ ከምሳ በኋላ ራሴ አደረስኩላቸው። ብቻቸውን ነበሩ» አለ።

ወርቅአፈራሁ ሴቶቹን ሰኞ ከቆረጡት ጨርቅ ጋር ሰበሰባቸው። ቁራጮቹን በቆርቆሮው ላይ እያስቀመጠ አሳያቸው።

«የሐዋ ያንሳል። የፀሐይነሽም እንደዚሁ። በተበላው ካርቶን የተቆረጡ ናቸው። ሥርጉት፣ ያንቺም አብዛኛው ያንሳል። እነዚህ ግን ከቆርቆሮው ጋር እኩል ናቸው። ቆርቆሮው የደረሰው አንቺ ወጣሁ ካልሽ በኋላ ነው። ከዚህ ጠረጴዛም አልተነሳም። ተመልሰሽ መጥተሻል ማለት ነው።»

ሥርጉት ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«የኮምቦልቻ መኪና አጥቼ ተመለስኩ። አዲሱን ልክ እያሳዩኝ አብረን ቆረጥን። ድንገት ማልቀስ ጀመሩ። ‹ቦሩ ሜዳ የተደበቀውን ወንድምሽን ለቀበሌ የጠቆምኩት እኔ ነኝ› አሉኝ። የቀበሌ ሰዎች አስፈራርተዋቸው ነው። ለውትድርና የተወሰደው በእሳቸው ቃል ነው… ገፈተርኳቸው። ለመግደል አላሰብኩም።»

«ሲወድቁ ሞቱ?»

«አልሞቱም። ውሃ ስጪኝ አሉኝ። ቆሜ አየኋቸውና ጨርቄን ሰብስቤ ወጣሁ።»

ሐዋ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ሥርጉት እጇን ለካቴና ዘርግታ ቀና ብላ አየችው።

«ጌታዬ፣ ወንድሜን ወዴት እንደወሰዱት ያውቃሉ?»

ወርቅአፈራሁ ያውቃል። ልጁን ቦሩ ሜዳ ከተሸሸገበት ጎጆ አውጥቶ ወደ ጦር ማሠልጠኛው በሚሄደው መኪና ላይ የጫነው እሱ ራሱ ነበር።

«አላውቅም» አላት፤ ካቴናውን ለመቆለፍም እጁ እምቢ አለው።