በእናቷ ድምፅ

ስልኩ ሲጮኽ እናትየው አፏ በስፒል ተሞልቶ ነበር። ደንበኛዋ ወንበር ላይ ቆማለች፤ የቀሚሱ ጠርዝ ገና ግማሹ ነው የታጠፈው። ስለዚህ በቅንድቧ ብቻ ወደ ስልኩ አመለከተች። በዚህ ቤት ይህ ማለት «አንቺ አንሺው» ማለት ነው።

ልጅቷ ቁጥሩን ስታይ አወቀችው፤ ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች፣ በሩን በተረከዟ ዘጋችና ድምፅዋን ትንሽ ወፈር አደረገች።

«አቤት።»

ከእናቷ ጋር ድምፃቸው ቁርጥ አንድ ነው። አክስቷ እንኳ ስንቴ ተሸውዳ የጎረቤቱን ሐሜት ሁሉ ዘርግፋላታለች! ያኔ ያስቅ ነበር።

«ሴትዮ፣ ነገ ዓርብ ነው» አለ ሰውየው። የስፌት መኪናዋን በዱቤ የሸጠላቸው ድርጅት የቀጠረው ዕዳ አስመላሽ ነው። ልጅቷ «አቶ ዛሬውኑ» ብላ ሰይማዋለች። «ቃልሽን ካጠፍሽ ዛሬውኑ ፖሊስ ይዤ እመጣለሁ! ዛሬውኑ ወህኒ ትወርጃለሽ! ልጅሽ ትምህርት ቤት ሄጄ በሰልፍ ሰዓት፣ በማይክራፎን፣ ‹እናትሽ ሌባ ናት› ነው የምላት። ገባሽ?»

«ገብቶኛል» አለች።

«መኪናዋን አዘጋጂ። ሦስት ሰዓት ላይ ጭነን እንሄዳለን።» ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

ጉዱን ያመጣችው ራሷ ናት። ሁለት ሳምንት ሙሉ እናቷ እንዳትሰማ፣ ትንሽ እንቅልፍ እንድታገኝ ብላ ከትምህርት ቤት መልስ እሱ ሲደውል እናቷን መስላ ስታነሳ ቆየች። ሠርቶላትም ነበር፤ እናትየው ሰሞኑን ስትሰፋ ማንጎራጎር ጀምራለች። ማክሰኞ ዕለት ግን ስለ ትምህርት ቤቱ ሲያነሳባት ደነገጠችና «እሺ በቃ፣ ዓርብ መጥተህ መኪናዋን ውሰድ!» ብላው አረፈች።

መኪናዋን! ሁለቱም እንጀራ የሚበሉባትን!

የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች። ዝም ብትልስ? ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እሷ ክፍል ውስጥ ሒሳብ ትማራለች። እናቷ በሩን ትከፍታለች። «ራስሽ ውሰዱ ብለሽ!» ይሏታል። እናቷ ምንም ሳይገባት፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ስትቆም ታየቻት። ተነስታ ገባች።

«እማ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። መጀመሪያ ግን መቀሱን አስቀምጪ።»

እናትየው ስፒሎቹን ካፏ አወጣች። «ደግሞ ምን ሰበርሽ?»

አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። እናትየው ሰምታ ስትጨርስ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች።

«እኔ ደግሞ ሰውየው ልብ ገዛ ብዬ ተመስገን ስል!» ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ መሃል ላይ እንባ ሆነ። «ሁለት ሳምንት ብቻሽን? አንቺ ምላስሽ ብቻ ቀድሞሽ ያደገ ጫጩት!»

«ተቆጣሽ?»

«በጣም። ነይ ወዲህ።» ደረቷ ላይ ለጥፋ አቀፈቻት።

«ይቅርታ፣ እኔም እዚሁ ነኝ» አለች ደንበኛዋ ከወንበሩ ላይ፤ ቀሚሷ ባንድ በኩል አጭር፣ ባንድ በኩል ረጅም ሆኖ። የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። «ዕዳው እውነት ነው?»

«የሦስት ወር አለብኝ» አለች እናትየው አንገቷን ደፍታ።

«ታዲያ ይክሰሳ! ዳኛ ፊት ቀርበሽ የምትችይውን እየከፈልሽ ትጨርሻለሽ። ልጅ በስልክ ያለችውማ ውል አይሆንም። ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ እንኳን መኪናሽን ክርሽንም አይነካ። ወህኒ፣ ማይክራፎን እያለ ማስፈራራቱ ደግሞ ራሱን ነው የሚያስጠይቀው። የሚላችሁን ከነሰዓቱ ጻፉትና ዛሬ ሳይመሽ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ አመልክቱ። እኔም እሸኛችኋለሁ… ይሄን ቀሚስ ከጨረሽልኝ።»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አቶ ዛሬውኑ ከሰዓት በኋላ ሦስቴ ሳይደውል አይውልም።

እናትና ልጅ ተያዩ። ልጅቷ ቀድማ አነሳችው። ያ ወፍራም ድምፅ ጉሮሮዋ ላይ መጥቶ ቆሟል፤ አንድ «አቤት» ብቻ ነው የሚቀረው።

«ልጇ ነኝ» አለች፤ ሳታወፍር። «እናቴን ላቅርብልዎት።»

ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከደብተሯ አንድ ባዶ ገጽ ገለጠችና ሰዓቱን ጻፈች። ከዚያም ወንበሯን ክንዳቸው እስኪነካካ ድረስ ወደ እናቷ አስጠጋች።