የአርብ ፀሐይ

«እድላዊት፣ ፀሐይዋ የት ደረሰች?» አሉ አያቷ፣ መዶሻቸውን እንዳነሱ።

እድላዊት ወናፉን መንፋቷን ሳታቆም ቀና አለች። ፀሐይዋ የለችም። ከጋራው ጀርባ ከገባች ቆይታለች፤ ገበያተኛውም አህያውን እየነዳ ተበትኗል። ከፊቷ የክፍሏ ልጅ ርብቃ ስልኳን ደግና ቆማለች። «ብልጭታው በቀን አይታይም፤ ጨለም ሲል ነው ቪዲዮው የሚያምረው» እያለች ከቀትር ጀምሮ ስትለምናት ነው የዋለችው። አሁን ደግሞ አንድ ጣቷን አንስታ «አንዴ ብቻ» ትላታለች በምልክት።

«ገና ናት አባባ» አለች እድላዊት። «ስንዝር ቀርቷታል።»

«እሰይ። እንግዲያው ያንተንም እናድርስልህ» አሉ፣ ከስማዳ ማረሻውን ተሸክሞ ወደ መጣው ወደ ቢሻው ዞረው።

ቢሻው መጀመሪያ ሰማዩን፣ ቀጥሎ ልጅቷን አየ። ወሩ ግንቦት ነው፣ ዝናቡ ጥሏል፤ ማረሻው ሳይሳል ቢመለስ ሌላ ሳምንት ሊጠብቅ ነው። ማረሻውን አቀበላቸው።

አያቷ አያ ጥላዬ ቤተ እስራኤል ናቸው። በአካባቢው የነበሩ ዘመዶቻቸው ከፊሎቹ ጎንደር፣ ከፊሎቹ እስራኤል ገብተው፣ አርብ ገበያ በምትባለው በዚህች ከተማ የቀሩት እሳቸውና እድላዊት ብቻ ናቸው። ሰንበታቸው አርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ትገባለች፤ ከገባች በኋላ እሳት አይነካም። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ግን ከጋለ ብረት በቀር የሚለዩት ነገር የለም። ወላፈኑ ፊታቸውን ስለሚገርፈው የምሽቱ ቅዝቃዜም አይሰማቸውም። ስለዚህ የፀሐይዋን ወሬ የምታመጣላቸው እድላዊት ናት።

ሌላ ጊዜ በደኅና ሰዓት ትነግራቸዋለች። ያን ጊዜ ወረፋ የያዘው ሰው ቢለምን ቢቆጣ አይሰሙም፤ እሳቱን አጥፍተው፣ ሠርግ እንደተጠራ ሰው እየተጣደፉ፣ ለሰንበት ሊታጠቡ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። እድላዊት ይህን ነገር አትወደውም ነበር። ገበያው ገና ሞቅ እንዳለ፣ ጓደኞቿ እየተሳሳቁ ሲቀሩ፣ እሷ አያቷን እየመራች መሄዷ ያናድዳታል።

መዶሻው ወረደ። ብልጭታው በጨለማው ውስጥ ተበተነ።

«ቀውጢ ነው!» አለች ርብቃ በሹክሹክታ። እውነትም ያምር ነበር።

ሥራው አልቆ ወደ ወንዙ ሲወርዱ አያ ጥላዬ በግዕዝ እያዜሙ ነበር። እድላዊት እጃቸውን ይዛ መንገዱን በዳበሳ ነው የምትሄደው። ውሃው ዳር ሲደርሱ ልብሳቸውን እያወለቁ «እስቲ ንገሪኝ፣ አሁን ምን ትመስላለች?» አሏት። ሁልጊዜም ይጠይቃሉ። ሁልጊዜም «ቀልታለች» ብላ በአጭሩ ታልፋለች።

ዛሬ ግን ፈርታለች፤ ስለዚህ ብዙ አወራች። ዙሪያዋ ብርቱካን መስሏል አለች፤ ደመናው ጫፍ ጫፉን ነዷል አለች፤ የማዶው ማሳ እንኳ ቀልቷል አለች። አያ ጥላዬ ውሃው ውስጥ ቆመው ሳቁ።

«ዛሬስ ከልብሽ ነው ያየሽልኝ» አሉ።

እቤት ገብተው ነጭ ለበሱ። ቀን የተጋገረውን ዳቦ ባርከው ቆረሱ። አያ ጥላዬ እየዘመሩ፣ እንደ ልጅ ጉልበታቸውን ቸብ ቸብ ያደርጋሉ። እድላዊት ግን ዛሬ አልተቀበለቻቸውም።

«ሰንበትን ከእሁድ ጀምሬ እኮ ነው የምናፍቃት» አሉ ሲጨርሱ። ዳቦው እጇ ላይ እንዳለ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ጠሯት።

«ነይ እስቲ፣ የትናንቱን ድገሚልኝ። ደመናውን ምን ነበር ያልሽው?»

እድላዊት አጠገባቸው ተቀመጠች። ደመናውን ምን እንዳለችው ልታስታውስ ሞከረች። ያላየችውን ነገር ማስታወስ እንዴት ከባድ ነው! እሳቸው ደግሞ ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ። ዝም ብትል፣ በየሰንበቱ ይህንኑ ሊጠይቋት ነው፤ እሷም በየሰንበቱ ልትፈጥርላቸው ነው።

«አባባ፣ ትናንት ፀሐይዋን አላየኋትም» አለች።

«እንዴት?»

«የቢሻውን ማረሻ ሲመቱ ገብታ ነበር። ርብቃ ብልጭታውን ልትቀርጽ ብላ... ገና ናት ያልኩዎት እኔ ነኝ።»

አያ ጥላዬ መዳፎቻቸውን አገላብጠው ዳሰሱ።

«ሰንበት ስትገባ መዶሻ ይዤ ነበር ማለት ነው» አሉ።

«እርስዎ አላወቁም አባባ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ጥፋቱንስ እግዚአብሔር ይቅር ይላል» አሉ። «እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። አብረሽኝ የምትጠብቂያት መስሎኝ ነበር።»

ቢቆጧት በወደደች። ቢጮሁባት አልቅሳ ይወጣላት ነበር። እሳቸው ግን ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና፣ እጇን ሳይፈልጉ ወደ ውስጥ ገቡ። ያን ቀን አልዘመሩም።

በሚቀጥለው አርብ አያ ጥላዬ እሳቱን ያጠፉት በቀትር ነው። ወረፋ የያዙት ገበሬዎች አጉረመረሙ። እድላዊት መሣሪያውን ስትሰበስብ ርብቃ ስልኳን እያውለበለበች መጣች።

«ቪዲዮውን ስንት ሰው እንደወደደው ብታዪ! ዛሬም እንድገመው።»

«አጥፊልኝ» አለች እድላዊት።

«አብደሻል? ምን አጠፋሁ?»

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ግን አጥፊልኝ።»

ርብቃ ትከሻዋን ሰብቃ ሄደች። እድላዊት መዶሻውንና ጉጠቱን ተሸክማ አያቷን ተከተለች። ወንዝ ወርደው ሲታጠቡ ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ነበረች። ምንም አልጠየቋትም። እቤት ሲገቡ አያ ጥላዬ ነጫቸውን ለብሰው፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀመጡ።

የገበያው ሁካታ ደጅ ድረስ ይሰማል። አሁን ብትሄድ የሚከለክላት የለም፤ የምትመራው ሰው ቤቱ ገብቷል፣ የሚጠብቃት ሥራም አልቋል። እድላዊት የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ወደ ጋራው ዞረች። ፀሐይዋ ቀስ እያለች ወረደች። ብርቱካን አልመሰለችም፤ ደመናም አልነደደም። ገርጥታ፣ ጭጋግ ውስጥ እየደበዘዘች ነው የሄደችው። እድላዊት ይህን ለአያቷ ልትነግራቸው በጣም ፈለገች። ከውስጥ ይጠይቋት እንደሆነ ጆሮዋን ጣለች።

አልጠየቋትም። እሷም ከደፉ ሳትነሣ፣ ፀሐይዋን ሙሉ በሙሉ እስክትገባ ድረስ አየቻት።