ሳምራ ለምን ሞተች?

ሳምራን የፈጠረቻት ምሕረት ናት፤ የገደላት ደግሞ ኤልሳዕ ነው። አትደንግጡ፤ ሳምራ በሃምሳ ሉክ ደብተር ውስጥ የኖረች ልጅ እንጂ ሥጋና ደም የነበራት ሰው አይደለችም። ይሁን እንጂ በሞተች ሰሞን ሶዶ ከተማ ውስጥ ስንት ሴት እንዳለቀሰላት ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ጊዜው 1997 ዓ.ም. ነው፤ ሞባይል ገና የሹማምንትና የትልልቅ ነጋዴዎች ዕቃ የነበረበት። ኤልሳዕ ከመናኸሪያው ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ሱቁ ውስጥ መጻሕፍት ያከራያል። መታወቂያ ይያዛል፣ መጽሐፍ ይወሰዳል፣ መጽሐፉ ሲመለስ መታወቂያ ይመለሳል። ከመጻሕፍቱ ሁሉ ተፈላጊው ሽፋኑ በሲሚንቶ ወረቀት የተለበጠ አንድ ወፍራም የፍቅር ልብ ወለድ ነበር። ዘላለም የሚባል ሐኪም የሚወዳት ልጅ ትሞትበትና ሐዘኑን ተሸክሞ ከአገር አገር ሲንከራተት፣ መጽሐፉ ድንገት ይቆማል። የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለዋል። ማን እንደገነጠላቸው አይታወቅም።

«መጨረሻውስ?» ይሉታል ደንበኞቹ፣ እሱ የበላው ይመስል።

ምሕረት በከተማው ኮሌጅ ለመምህርነት የምትሠለጥን የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ብዙ አታወራም። መጽሐፉን በመለሰች ቀን አብራ አንድ ደብተር ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«ምንድን ነው ይኼ?» አላት ኤልሳዕ።

«መጨረሻው። ራሴ ጻፍኩት።»

በማግስቱ ስትመጣ ደብተሩን እያገላበጠ ጠበቃት። ረጅም ነው፤ ሲስቅ አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል ያደርጋል።

«ጽሑፍሽ ይጥማል። ግን ይህቺ ለዘላለም ያመጣሽለት ሳምራ ምንድን ናት?»

«ሰው ናት።»

«እስቲ ተይኝ! አምስት ቋንቋ ትናገራለች። ስትዘምር በሽተኛ ይድናል። ስታለቅስ እንኳ አፍንጫዋ አይቀላም። በሐምሌ ከመናኸሪያ እስከ ሆስፒታል በእግሯ ሄዳ ጫማዋን ጭቃ አልነካውም። በየትኛው ሶዶ ነው?»

ምሕረት ልትቆጣ ፈልጋ ሳቋ አመለጣት።

«በሰው መጽሐፍ ውስጥ የራስሽን ሰው ስታስገቢ እኮ፣» አለ እሱ ቀጥሎ፣ «ከነባሮቹ ጋር መኖር መቻል አለባት። ዘላለም ይቆጣል፣ ያኮርፋል፣ ያጠፋል። አንቺ አጠገቡ ያቆምሽው መልአክ ነው። ከመልአክ ጋር ደግሞ ማን ይኖራል? እንከን ስጫት።»

«ከየት አምጥቼ?»

«ከራስሽ።»

እንዲህ ተጀመረ። ምሕረት በየሳምንቱ ሁለትና ሦስት ገጽ ትጽፋለች፤ ኤልሳዕ በእርሳስ ዳር ዳሩን አስተያየት ይጽፋል። ሳምራ ቀናተኛ ሆነች። ቀጠሮ ማርፈድ ጀመረች። አንድ ቀን የሰው ደብዳቤ ከፍታ አነበበችና ኤልሳዕ በደስታ ባንኮኒውን በቡጢ መታው። ደብተሩ ከመጽሐፉ ጋር በምርቃት እየተሰጠ ከቤት ቤት ዞረ፤ ሴቶቹ ለሳምራ እንደ ጎረቤታቸው ልጅ ያስቡላት ጀመር።

እነዚህ ሁለቱስ? መጀመሪያ ስለ ሳምራና ስለ ዘላለም ብቻ ነበር የሚያወሩት። ቆይቶ እርሳሱን ሲቀባበሉ ጣቶቻቸው መንካካታቸውን ሁለቱም እያወቁ ዝም ይሉ ጀመር። ደንበኛ ሲመጣ ይደነግጣሉ፤ ደንበኛ ሲሄድ ደግሞ የሚያወሩት ይጠፋቸዋል። ምሕረት ወዳዋለች። በደብተሩ ውስጥ ዘላለም ሲስቅ አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል ማድረግ የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። መቆጣቱንና ማኩረፉንም ቀስ በቀስ ተወ። ኤልሳዕ ይህን አንብቦ በእርሳሱ ምንም አልጻፈም።

አንድ ቀን ግን እንዲህ አላት፦ «ሳምራ አሁን ሰው ሆናለች። አንድ ነገር ብቻ ቀራት። እናት አባቷን ገና ሕፃን ሳለች ገድለሽ ወላጅ አልባ አድርገሻታል። የማን ልጅ ናት? ቤቷ የት ነው?»

ምሕረት ደብተሩን ዘጋችው።

እናቷ ቦሼ ሸክላ ሠሪ ናት። ከሁምቦ መንገድ ወረድ ብሎ ባለ መንደር ጭቃ ታቦካለች፣ ማሰሮ ትተኩሳለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተሸክማ ሶዶ ገበያ ታወጣለች። በወላይታ እንዲህ ያሉትን ጭናሻ ይሏቸዋል። የሠሩት ማሰሮ በሁሉም ሰው ጓዳ ይገባል፤ እነሱ ግን ከደጅ ያልፉ ዘንድ የሚጋብዛቸው ጥቂት ነው። በቤተ ክርስቲያን ከሌላው ጋር በአንድ አግዳሚ መቀመጥ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ጋብቻ ሲነሳ ግን አግዳሚው ይረሳል። ምሕረት ለኤልሳዕ የነገረችው «እናቴ ትነግዳለች» ብላ ብቻ ነው። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

«አስብበታለሁ» አለችው።

ቅዳሜ በገበያው ዳር አብረው ሲሄዱ ኤልሳዕ እግሩን ወደ ሸክላ ተራ አዞረ።

«እናቴ ማሰሮ አምጣ ብላኛለች።»

«ሌላ ቀን ይሁን፤ ፀሐዩ ከባድ ነው» አለች ምሕረት። እሱ ግን ቀድሟት ሄዷል፤ የቆመውም ከሁሉ ሰው መርጦ ቦሼ ፊት ነበር።

ቦሼ ልጇን አየች። ፊቷ ሊፈካ ሲል አጠገቧ የቆመውን ወጣት አየችና ዓይኗን ወደ ማሰሮዎቿ መለሰች። በሕይወቷ አይታት የማታውቅ ሴት መሰለች። ምሕረት እዚያው ቆማ መሬት ብትውጣት ደስ ባላት።

«ይኼ አያፈስም?» አለ ኤልሳዕ በጣቱ እያንኳኳ።

ቦሼ ከጀሪካኗ ውኃ ሞላችበትና ከፍ አድርጋ ታችኛውን አሳየችው። ጠብ አላለም። ውኃውን ደፋች፣ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችው፣ በሁለት እጇ ዘረጋችለት። ኤልሳዕ አልተቀበለም። እምቢ ማለቱም አልነበረም፤ ብቻ እጆቹን ሳያነሳ ወዲያ ወዲያ እያየ ቆመ። ቦሼ ገባት፤ ማሰሮውን መሬት አስቀመጠችው። እሱ ያኔ ጎንበስ ብሎ አነሳውና «አመሰግናለሁ፣ እናት» አላት በትሕትና።

ምንም እንዳደረገ አላወቀም። ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ሲያዩ ሳያስቡ ዞር ብሎ እንደማለፍ ነው፤ ከልጅነቱ ሁሉም ሰው ሲያደርገው ያየውን ነው ያደረገው። ይህ ሰው እሑድ እሑድ ለወጣቶች «በእግዚአብሔር ፊት ሁላችን አንድ ነን» ብሎ የሚያስተምር ሰው ነው፤ ሲያስተምርም ከልቡ ነው።

ምሕረት በሚቀጥለው ቀን ያንን ገበያ ደብተሩ ላይ አሰፈረችው። ዘላለም ከአንዲት ሸክላ ሻጭ አሮጊት እጅ ማሰሮ ሲቀበል፣ ጭቃ ያለበትን እጇን ስሞ ሲያመሰግናት። ኤልሳዕ አነበበውና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እንዴት ያለ ልብ ነው!» አለ። በእርሳሱም ዳሩ ላይ «ግሩም» ብሎ ጻፈ።

አላስታወሰውም። ቅዳሜ የተገዛው ማሰሮ እናቱ ጓዳ ተቀምጦ እሱ አላስታወሰውም። ምሕረት ያኔ መሸሽ ነበረባት፤ እሷ ግን እያየችው ወደደችው። ሰው ከሚያነበው ነገር ይማራል ብላ አሰበች፤ ተስፋዋ ይህ ብቻ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ኤልሳዕ ሱቁን በምሳ ሰዓት ዘግቶ አስቀመጣት።

«ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ። ለአባቴ ነግሬዋለሁ።» አባቱ አቶ ዳና የታወቁ ወንጌላዊ ናቸው። «ወደ ማን ቤት ነው የሚሄዱት? ጎሳችሁስ ማን ነው? ይጠይቁኛል።»

ምሕረት እጁን ያዘች። «በደብተሩ እነግርሃለሁ» አለችው።

አሥራ አንድ ገጽ ጻፈች። ሳምራ ወላጅ አልባ አልነበረችም፤ ዋሽታ ነው። ዘላለምን ከሁምቦ መንገድ ወረድ ብሎ ወዳለው መንደር ይዛው ትሄዳለች። ጭቃው የሚቆፈርበትን ገደል ታሳየዋለች። እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸክላ ተራ የምትቀመጥ ሴት ናት፤ ስሟም ቦሼ ነው። ዘላለም አንድ ቀን ማሰሮ የገዛው ከእሷ ነው። ቦሼ እንግዳዋን አክብራ የተቀቀለ ጎደሬ በሳህን ታቀርባለች፤ በሁለት እጇም ትዘረጋለታለች። «ዘላለምም» ብላ ጽፋ አቆመች። ከሥሩ ያሉትን ገጾች ባዶ ተወቻቸው።

«የቀረውን አንተ ጻፈው» አለችና ደብተሩን ሰጥታው ሄደች።

በማግስቱ ሱቁ ዝግ ነበር። በሦስተኛውም ቀን። ምሕረት በየቀኑ ከክፍል ስትወጣ በዚያ በኩል ታልፋለች፤ ቁልፉ እንደተንጠለጠለ ነው። አንዳንዴ ሳህኑን ሲቀበል ይታያታል፤ እጁ ሲዘረጋ፣ አንገቱ ዘንበል ሲል።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ሱቁ ተከፍቶ አገኘችው። ኤልሳዕ ከስቷል። ደብተሩን ሲሰጣት ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ነበር። እዚያው ቆማ አነበበችው። የእጅ ጽሑፉ ያምራል።

«ዘላለምም ሳህኑን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ፣ ሳምራ ድንገት ራሷን ስታ ወደቀች። ሐኪም ሁሉ ያላወቀው ሕመም በሦስት ቀን ውስጥ ወሰዳት። ዘላለም ከዚያ ወዲህ ሌላ ሴት አላየም። በየዓመቱ መቃብሯ ላይ አበባ ይዞ ሲመጣ፣ ያየው ሁሉ ያለቅሳል።»

ምሕረት ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ሳምራ ለምን ሞተች?»

«ያው... የሚያሳዝን ታሪክ ነው ሰው ልብ ውስጥ የሚቀረው።»

«ሳህኑንስ? ተቀበለ ወይስ አልተቀበለም?»

ኤልሳዕ ወደ መንገዱ አየ። በመንገድ አንድ ጋሪ እየተንገጫገጨ አለፈ።

«ምሕረት፣ አባቴን ታውቂዋለሽ። እናቴ ሰምታ አልጋ ላይ ዋለች። እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ...»

«ሳህኑ ሲዘረጋ እኮ አባትህ እዚያ ቤት አልነበሩም። ብቻህን ነበርክ።»

«እወድሻለሁ» አለ። እውነቱን ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው።

ምሕረት ደብተሩን ከመጀመሪያው አገላበጠችው። ዓመት ሙሉ ሁለቱ ተጎንብሰው የሳምራን እንከን ሲፈልጉ፣ ጎኗ የቆመውን ሰው ማንም ልብ አላለውም። አይቆጣ፣ አያጠፋ፣ የአሮጊት እጅ ይስማል። ያንን መልአክ የሠራችው እሷው ናት፤ ዓይኗ ያየውን እጇ እየደለዘ። ልቧ እዚያው ባንኮኒው ፊት ተሰበረ፤ አላለቀሰችም እንጂ።

«እርሳስህን ስጠኝ።»

በባዶው ገጽ ላይ ሁለት መስመር ጻፈች። «ሳምራ አልታመመችም። ዘላለም ሳህኑ መሬት እስኪቀመጥ ጠበቀ፤ እሷም አየችው።» ደብተሩን ባንኮኒው ላይ አኖረችና መጽሐፉን ከመለሰች ወዲህ እዚያው ትታው የቆየችውን የተማሪ መታወቂያዋን ጠየቀች። ኤልሳዕ ፈልጎ ለመስጠት ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

ቅዳሜ ሸክላ ተራ ሄዳ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች፤ በሰው ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቦሼ ማሰሮዎቿን ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠቻት። በኋላ በወላይትኛ «ያ ልጅስ?» አለቻት።

«የለም።»

ቦሼ አንዱን ማሰሮ አንስታ አቧራውን ጠረገች። «ማሰሮዬ እንኳ ደህና ነበር» አለች።

ኤልሳዕ ከዚያ ወዲህ በሸክላ ተራ አላለፈም። በዓመቱ አባቱ የመረጡለትን ልጅ አገባ፤ ምሕረትም ለማስተማር ሃላሌ ተመደበች።

ስድስት ዓመት አለፈ። አንድ ረፋድ ምሕረት መምህራን ማረፊያ ስትገባ፣ የሥራ ባልደረባዋ አባይነሽ በሲሚንቶ ወረቀት የተለበጠ ደብተር ይዛ ስታለቅስ አገኘቻት። ደብተሩን ወዲያው አወቀችው።

«ከሶዶ ተከራይቼ ያመጣሁት ነው፣» አለች አባይነሽ አፍንጫዋን እየጠረገች። «እንደ ዘላለም ያለ ወንድ የት ይገኛል በይኝ!»

ምሕረት ተቀብላ ወደ መጨረሻው ገለጠችው። በመቃብሩ አበባ ያበቃል። ቀጥሎ የነበረው ገጽ የለም፤ ከስፌቱ ጋር ቀጭን የወረቀት ቅዳጅ ብቻ ቀርቷል። በጥንቃቄ ነበር የተገነጠለው።

«ምን ሆና ነው ግን የሞተችው?» አለች አባይነሽ። «በሽታውን እኮ አልጻፉትም።»

«ሐኪም ሁሉ ያላወቀው ይላል» አለች ምሕረት።

ደወል ተደወለ። ደብተሩን መለሰችላትና ጠመኔዋን ይዛ ወደ ክፍሏ ሄደች።