«ስጠው!» ያለው መካኒክ

መብራቱን ዝቅ አድርጉት። በሩንም ዝጉት። አንተ እዚያ ጥግ፣ ቀረብ በል፤ ኋላ ብቻዬን ቀረሁ ብለህ እንዳትጮህብን።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው። ጨረቃ የለችም። ከመንደሩ ወደ ወንዙ በሚወርደው ጭር ያለ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ማነው? ይመር ነው፤ የመንደሩ መካኒክ። ወዴት ነው? ወንዙ ዳር ወደቆመችው የአራጋው ፒክአፕ።

አራጋውስ የት አለ? አራጋው ሞቷል።

ስሙኝ። አራጋው ሾፌር ነበር፤ መኪናውም ያረጀች። ሦስት ጊዜ ይመር ዘንድ ወስዷታል። «ይመር ወንድሜ፣ ማታ ማታ፣ ጤዛ ሲወርድ ሞተሩ ይቆራርጣል። እባክህ አንድ ማታ መጥተህ ስማው» ይለዋል። ይመር በጠራራ ፀሐይ አስነስቶ ያያታል። ምን አገኘ? ምንም። «አራጋው፣ መኪናህ ጤነኛ ናት። የታመመው ጆሮህ ነው» ይለዋል። ሰው ይስቃል። አራጋው አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል።

አንድ ማታ ወንዙን ሲሻገር መሐል ላይ ቆራረጠችና ጠፋች። አራጋው ኮፈኑን ሊከፍት ወረደ። ደራሽ ውሃ መጣ። መኪናዋን ድንጋይ ያዛት፤ እሱን ግን የያዘው የለም።

መኪናዋን በበሬ ጎትተው አወጧት። ይመር ጠራርጎ አስነሳት፤ በቀን አሁንም ደህና ናት። ነገ ጎህ ሲቀድ የአራጋው ሚስት አስካል ልጆቿን ይዛ፣ የባሏ ወንድም እየነዳ፣ ያንኑ ወንዝ ተሻግራ ወላጆቿ ዘንድ ልትሄድ ነው። ይመርን እንቅልፍ እምቢ አለው። አራጋው እውነቱን ቢሆንስ? እነዚያ ልጆችስ? ሰው ይዞ እንዳይሄድ ደግሞ ኩራት ያዘው። «ተሳስቼ ነበር» ማለት ለይመር ሞት ነው።

በጨለማ ምን ያያል አትሉም? ለሞተሩ እሳት የሚያደርሰው የካንዴላ ሽቦ ሲሰነጠቅ እሳቱን ወደ ውጭ ያፈሳል። በቀን አይታይም። በጨለማ ነው የሚታየው። ይመር ሞተሩን አስነሳ። ኮፈኑን ከፈተ። የእጅ ባትሪውን አጠፋ።

ሞተሩ ዝም ብሎ ይሠራል። ምንም የለም።

እንግዲህ የመካኒክ ልማድ አለ። ኮፈን ስር ያለው «ስጠው!» ሲል ወንበር ላይ ያለው ቤንዚን ይረግጣል፤ «በቃ!» ሲል ይለቃል። ይመርም እንዳጎነበሰ፣ ሃያ ዓመት የለመደ አፉ፣ «ስጠው!» አለ።

ሞተሩ ጮኸ።

«በቃ!»

ረገበ።

«ድገመው! አጥብቀህ ስጠው!»

ሞተሩ አጓራ። ከሦስተኛው ሽቦ ሰማያዊ እሳት ዘለለ። ቆረጠ፣ ጧ! ደግሞ ቆረጠ፣ ጧ! «አገኘሁት! አገኘሁት!» አለ ይመር፣ እየሳቀ።

እናንተዬ፣ ከማን ጋር ነበር የመጣው?

ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ቀና አለ። የተከፈተው ኮፈን ወንበሩን ጋርዶታል። ጠብ... ጠብ... የሚል ሰማ። በሾፌሩ በር ስር ውሃ ይወርዳል። ያን ቀን ጠብታ ዝናብ አልጣለም። ወንበሩ ሲጢጥ አለ። አንድ ሰው ከተቀመጠበት ወደፊት ዘንበል እንደሚል ሲጢጥ አለ። ከዚያም ከኮፈኑ ጀርባ፣ ቀስ ብሎ፦

«ይመር ወንድሜ... አሁን ሰማኸው?»

ጎህ ሲቀድ አስካል ስትመጣ ይመር መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ሽቦው በእጁ ነው። «እቴ አስካል፣ ባልሽ እውነቱን ነበር። አልሰማም ያልኩት እኔ ነኝ» ብሎ አለቀሰ። ይቅር አለችው? እሱን አልነገሩኝም። ሽቦውን ቀይሮ ሸኛቸው፤ በሰላም ገቡ። የሾፌሩ ወንበር ግን ስንት በጋ አልፎበት እስከ ዛሬ አልደረቀም ይላሉ።

እና አንተ፣ ጥግ ያለኸው፣ መኪና አለኝ ትላለህ አይደል? በሌሊት ብቻህን ኮፈን አትክፈት። ብትከፍትም «ስጠው» አትበል።

የሚሰጥልህ አታጣም።