ቅዳሜ የተሸጡት ቄቦች

ጽጌ የዶሮዎቹን ቤት በር ስትከፍት አንድም ዶሮ አልወጣም። ሌላ ጊዜ ገና መቀርቀሪያውን ስትነካው ተንጫጭተው በእግሮቿ መሃል እየሾለኩ ነበር የሚወጡት። ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች። ሦስቱ ሰጋቱራው ላይ ተዘርረዋል። አንዲት ገብስማ ጥግ ላይ ቆማ አንገቷን ጠምዝዛ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ኩሱ ሁሉ አረንጓዴ ሆኗል።

«እታለም! ቶሎ ነይ!»

ታላቅ እኅቷ መሠረት የጥርስ ብሩሿን በአፏ እንደያዘች ከቤት ወጣች። አንድ ጊዜ ብቻ አየችና አረፋውን መሬት ላይ ተፋችው።

«ፈንግል ነው» አለች፣ በዝቅተኛ ድምፅ።

ጽጌ ስለ ፈንግል ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰምታለች። በደብረ ታቦር ዙሪያ ዶሮ የሚያረባ ሰው ስሙን ሲጠራ ያማትባል። ዛሬ አንዷን ከያዘ በሳምንቱ ጓሮው ጸጥ ይላል። አንዴ ከገባ መድኃኒት የለውም፤ ቀድሞ ማስከተብ ነው። መሠረትም ልታስከትብ ተመዝግባ ነበር፤ መንገድ ስለተዘጋ ግን ክትባቱ ከባሕር ዳር ሳይመጣ ቀረ።

መሠረት ስድስት ዓመት ኩዌት የሰው ቤት ስታገለግል ኖራ ስትመለስ፣ እንደ ጓደኞቿ ቡቲክ አልከፈተችም። በእናቷ ጓሮ በባሕር ዛፍና በጭቃ የዶሮ ቤት ሠራች። የፈረንጅ ዶሮ የጉናን ብርድ አይችልም፣ የሐበሻዋ ደግሞ እንቁላሏ ጥቂት ነው ብላ ሁለቱን አዳቀለች። ከመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች ያደጉት ቄቦች እንቁላል መጣል የጀመሩት ከፋሲካ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን እንቁላል መሠረት አልሸጠችውም። ቀቅላ ለሦስት ተካፈሉት። «ከእንግዲህ የማንም ማዳም አትጮኽብኝም» ብላ ያን ቀን እንደሳቀችው አድርጋ ስትስቅ ጽጌ አይታት አታውቅም።

አሁን ግን ጎንበስ ብላ፣ ቆመው የሚሄዱትን፣ ዓይናቸው ያልፈዘዘውን እየመረጠች እግራቸውን በቃጫ ታስራለች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ዛሬ ቅዳሜ አይደል? ገበያ ነው።»

«ታመዋል እኮ!»

«እነዚህ አልታመሙም።»

«ይዟቸዋል፣ እታለም። ገና ስላልታየባቸው ነው እንጂ።»

መሠረት ቀና አለች። «የኛስ ከየት የመጣ ይመስልሻል? ባለፈው ሳምንት የገዛሁት አውራ ዶሮ ነው ያመጣብን። የሸጠልኝ ሰውዬ አላወቀም? ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የሸጠልኝ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

እናታቸው ወይዘሮ እቴነሽ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ጽጌ አንድ ነገር እንዲሉ ጠበቀቻቸው።

«በሉ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ሂዱ» ብቻ አሉ።

ዶሮ ተራው በሰው ተጨናንቋል። መሠረት ከአንድ ነጋዴ ጋር ስትከራከር፣ ጽጌ ሁለት ቀያይ ቄቦች ታቅፋ ከጎኗ ቆማለች። ማንም ሳያናግራት ገበያው ቢያልቅላት ደስ ባላት። ግን ከሰው መሃል የምታውቀው ድምፅ ጠራት።

«ውይ የኔ ልጅ! እነዚህ የመሠረት ድቅሎች አይደሉም እንዴ?»

እትዬ ዘርትሁን ናቸው፣ የትዝታ እናት። ትዝታና ጽጌ ከአንደኛ ክፍል እስከ አሁኑ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። እትዬ ዘርትሁን አንዷን ቄብ ተቀብለው ደረቷን ዳበሱ፣ ላባዋን እፍ ብለው ቆዳዋን አዩ።

«ትዝታ ስለነዚህ አውርታ አትጠግብም። ለእርድ እንዳይመስልሽ፤ ለርቢ ነው የምፈልጋቸው። ራሷ ልታሳድጋቸው ነው።» ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «ጽጌዬ፣ ደኅና ናቸው አይደል?»

መሠረት ክርክሯን አቁማ ዞረች። አልተቆጣችም። ዓይኗ ይለምን ነበር። ጽጌ እኅቷ ማንንም ስትለምን አይታ አታውቅም።

«ደኅና ናቸው» አለች ጽጌ።

«አንቺ ካልሽማ ምን እጠይቃለሁ!» አሉ እትዬ ዘርትሁን፣ ቦርሳቸውን እየከፈቱ።

ሰኞ ጠዋት ትዝታ ከትምህርት ቤቱ በር ጀምራ እየሮጠች መጣች።

«ስም አወጣሁላቸው! አንዷ ብርቱካን፣ አንዷ በርበሬ። በርበሬ ግን ትንሽ ፈዘዝ ብላለች። እናቴ አዲስ ቤት ሆኖባት ነው አለች።»

እሑድ ዕለት እነጽጌ ቤት ከቀሩት ዶሮዎች ሌሎች አምስት ወድቀዋል።

«ከድሮዎቹ ዶሮዎቻችሁ ጋር ነው የሚያድሩት?»

«ታዲያ የት ይደሩ? ሳሎን?»

ደወሉ ተደወለ። ተማሪው ለሰንደቅ ዓላማ መሰለፍ ጀመረ። ጽጌ ትዝታን በሹራቧ እጅጌ ይዛ ወደ ዳር ሳበቻት።

«ትዝታ፣ ፈንግል ነው። አሁኑኑ ሂጂና ለዪያቸው።»

«ምን ቀሽም ቀልድ ነው? ባክሽ አትፎግሪኝ።»

«እየፎገርኩሽ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት የኛ ሦስት ሞተው ነው ያገኘናቸው።»

የትዝታ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ ባለቤቱ የረሳው ዕቃ ይመስል ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ።

«እናቴ ጠይቃሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ደኅና ናቸው ብለሻታል።»

«አዎ።»

ትዝታ ቦርሳዋን ጥላው ሮጠች። ዘበኛው ከኋላዋ ተጣራ፤ አልዞረችም።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ እትዬ ዘርትሁን መጡ። የሞተችውን ቄብ በእግሯ አንጠልጥለዋታል። ጽጌ ይወረውሯታል ብላ ነበር፤ እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ደጃፉ ላይ በቀስታ አኖሯት።

«የኔዎቹ ከእናቴ ቤት ይዤው የመጣሁት ዘር ናቸው» አሉ። «ሁለቱ አሁን አንገታቸውን ጥለዋል። ሌሎቹም አይቀሩም።»

መሠረት ገንዘባቸውን ልትመልስ ወደ ውስጥ ስትገባ፣ «ተይው» ብለው አስቆሟት። «እኔ ዶሮ ሞተብኝ ብዬ አልመጣሁም። ዶሮ ይሞታል። አንቺን አልጠየቅሁም፣ ሻጭ ነሽና። ልጅቷን ነው የጠየቅሁት። የልጄ ጓደኛ አትዋሸኝም ብዬ።»

ጽጌን ግን አላዩዋትም። እንደመጡ ቀስ ብለው ሄዱ።

በሩ ሲዘጋ መሠረት ዞረች። «አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?»

«ለትዝታ ነገርኳት።»

ጽጌ ጥፊ ጠበቀች። መሠረት ግን መጥረጊያ አነሳችና የዶሮዎቹን ቤት ሰጋቱራ መጥረግ ጀመረች፤ ውስጡ ገና የሚተነፍሱ ዶሮዎች እያሉ።

ሳምንቱ ሳያልቅ የሚተነፍስ አልቀረም። የእንስሳት ጤና ባለሙያው አቶ በላይነህ መጥተው አዩና፣ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሯቸው፣ ክረምቱን ሙሉ ቤቱ ውስጥ ዶሮ እንዳታስገቡ አሉ። ሦስቱም ተጋግዘው ቆፈሩ። ወይዘሮ እቴነሽ ከላይ አመድ በተኑበት። ወሬው ሠፈሩን አዳረሰው። እንቁላል ይገዙ የነበሩት ሴቶች መሠረትን ሲያዩ ሰላምታቸው አጠረ። ባለሱቁ ጭራሽ፣ «ዛሬስ ምን ልትሸጭልን ነው?» ብሎ ቀለደባት። መሠረት ያን ዕለት የሄደችበትን ስኳር ሳትገዛ ተመለሰች።

ትዝታ ዴስክ ቀየረች። ጽጌ አንድ ቀን ከክፍል ስትወጣ ጠብቃ አስቆመቻት።

«ዝም ማለት እችል ነበር እኮ። ነግሬሻለሁ።»

«ቅዳሜ መናገርም ትችይ ነበር» አለች ትዝታ። «ሰኞ የነገርሽኝ ለኛ ብለሽ አይደለም። አንቺን ስለከበደሽ ነው።»

እውነት ይሁን አይሁን ጽጌ ራሷም አታውቀውም ነበር።

ሰኔ ሲገባ መሠረት ወደ ኩዌት ሰው ከሚልክ ደላላ ጋር በስልክ ስታወራ ተሰማች። ከዚያ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደች። ጽጌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ልብስ ስታጥፍ ታያታለች።

«በኔ ምክንያት ነው?»

መሠረት የያዘችውን ሹራብ አጥፋ ሻንጣው ውስጥ ከተተችው።

«ዶሮዎቹ እንደሆነ መሞታቸው አይቀርም ነበር» አለች። «ስሜ ግን አይሞትም ነበር። ክረምቱ ሲወጣ እንደገና ልጀምር ብል፣ ከኔ ማን ይገዛል?»

ጽጌ ማልቀስ ጀመረች። መሠረት አላባበለቻትም፤ አልተቆጣቻትምም።

«ሰው ሲጠይቅሽ ሥራዋ ጠርቷት ነው የሄደችው በይ» አለች በመጨረሻ። «ዶሮ አባረራት እንዳይሉኝ። ይህን ብቻ።»

ጽጌ እሺ አላለችም።

የሄደችው ሐሙስ ማለዳ ነው። መናኸሪያው ጭቃ ሆኖ ነበር። እናታቸውን አቅፋ አንገታቸው ሥር ብዙ ቆየች። ጽጌን ጉንጭና ጉንጯን ሳመቻት፤ ሲሳሳሙ ግን ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ሚኒባሱ ወደ ባሕር ዳር መንገድ ታጠፈ። ወይዘሮ እቴነሽ ሚኒባሱ እስኪሰወር እጃቸውን አላውለበለቡም፣ አላለቀሱም፤ መቀነታቸውን ፈትተው አጠበቁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጽጌ ደጃፍ ላይ ድንች ስትልጥ ትዝታ ከአጥሩ ውጭ መጥታ ቆመች። አልገባችም።

«እኅትሽ ሄደች አሉ።»

«ሄደች።»

«እናቴ ከሰማች ጀምሮ እህል አልበላ ብሏታል። እኔ ነኝ የሰው ልጅ ያሰደድኩት ትላለች።» ትዝታ የአጥሩን እንጨት በጥፍሯ ፋቀች። «በኛ ምክንያት ነው እንዴ?»

በጽጌ አፍ ላይ የመጣው «አዎ» ነበር። ብትለው ትዝታ ይዛው ቤቷ ትገባለች፤ ከዚያ የሚከብደው ሌላ ሰው ይኖራል። ደግሞ ውሸት አይደለም፤ ቢያንስ ግማሹ። የላጠችውን ድንች ውሃው ውስጥ ጣለችው።

«ሥራዋ ጠርቷት ነው» አለች።

ትዝታ ዓይን ዓይኗን አየቻት። እንዳላመነች ያስታውቃል።

«ለእናትሽም እንደዚያ በያት» አለች ጽጌ፣ ሌላ ድንች እያነሳች። «ጽጌ ራሷ ነገረችኝ በያት።»