የታንከሩ ዓሣዎች

«የውብዳር፣ እስቲ ነይ ወዲህ።»

የተቅዋ እናት ይህን ስትል ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ልጅቷን ያስደነገጣትም እሱ ነው። የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ኮሪደሩ ላይ ክው ብላ ቀረች። እናቷ ዘቢባ ትንሹን ወንድሟን ረምዚን ልታጥብ ሳፋውን ከቧንቧው ሞልታለች። ውሃው ላይ ከጥፍር የማትበልጥ የሞተች ዓሣ ሆዷን ገልብጣ ትንሳፈፋለች። የሦስት ዓመቱ ረምዚ ሳምንቱን ሙሉ በሆድ ሕመም ሲሰቃይ ከርሞ ከሐኪም ቤት ከተመለሰ ገና ሁለት ቀኑ ነው።

የቤቱ ሠራተኛ የውብዳር እጇን በሽርጧ እየጠራረገች መጣች። ሳፋውን አየች። ቀጥላ ተቅዋን አየች፤ ቶሎ ብላም ዓይኗን መለሰች።

«ከታንከሩ ነው የወጣችው» አለች ዘቢባ። «ጠዋት ጠዋት ጣሪያ ላይ የምትወጪው አንቺ ነሽ። ክዳኑን ከፍተሽ እዪ ብዬሽ የለም? ውሃው ሲሸተኝ የሰነበተው ለካ በዚህ ነው። ልጄም የታመመው በዚህ ነው።»

«ብለውኛል፣ እትዬ።»

«ታዲያ?»

የውብዳር ጎንበስ ብላ ዓሣዋን ከውሃው አወጣች። መልሱ ያለው ተቅዋ ዘንድ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። የሳይንስ አስተማሪዋ ወደ ፈረንሳይ ስትመለስ ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ጋፒ ዓሣ ከነመስታወት ገንዳቸው ሰጠቻት። ጋፒ እንቁላል አይጥልም፤ የሚዋኝ ልጅ ነው የሚወልደው። በወሩ ሃያ ጫጩት ሲወለድ ተቅዋን የሚችላት ጠፋ፤ ጎረቤቱን ሁሉ እየጎተተች አሳየች። በአምስተኛው ወር ግን እንደ አሸን ፈሉ። ለክፍል ጓደኞቿ በብርጭቆ እየሞላች አደለች፤ እነሱም በኋላ ከሩቅ ሲያዩዋት «ዓሣ ከሆነ ይቅርብን» እያሉ መሸሽ ጀመሩ። ወንዶቹን ለይታ ባልዲ ውስጥ አስቀመጠች። ሴቶቹ ወንድ ሳያዩም በየወሩ መውለዳቸውን ቀጠሉ።

«ይቺ ደግሞ ከማን አረገዘች?» ብላ የውብዳር ሆዷን ይዛ ሳቀች። ተቅዋ በኋላ ከመጽሐፍ እንዳነበበችው፣ ሴቷ ጋፒ አንዴ ከወንድ ጋር ከዋለች ለወራት ብቻዋን ትወልዳለች።

ዘዴውንም የነገረቻት የውብዳር ናት። «የውሃውን ሣር አውጪው። መደበቂያ ካጡ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ይበሏቸዋል፤ ቁጥራቸው ልክ ይገባል።» ተቅዋ አንድ ቀን ሞከረችውና አንዲት እናት የገዛ ልጇን ስትውጥ አየች። እያለቀሰች ሣሩን መልሳ ከተተችው። በመጨረሻ አባቷ ከይረዲን ቁርጡን ነገራት። እስከ ጁምዓ ስድስት ብቻ እንዲቀሩ፣ ሌላውን እንደምታደርግ እንድታደርግ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የሆዳን ሰፈር በሙሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ በተኛበት ሰዓት፣ ባልዲውን ይዛ ጣሪያ ላይ ወጣች። ታንከሩ ትልቅ ነው፣ ጨለማ ነው፣ የትንኝ እጭም አይጠፋውም። እዚያ ማንም ማንንም ሳይበላ ይኖራል አለች በልቧ። የሚጠጡት ውሃ በጀሪካን የሚገዛ ስለሆነ ማንንም አይጎዳም ብላም ራሷን አሳመነች። መቶ የሚሆኑትን ገልብጣ ዞር ስትል፣ የውብዳር የተሰጣ ልብስ ልታወርድ መጥታ ቆማለች።

«የውቤ፣ በአላህ ለእማ እንዳትነግሪብኝ።»

የውብዳር ታንከሩንም ልጅቷንም አየችና በረጅሙ ተነፈሰች። «እኔ ምንም አላየሁም» አለች። የጅቡቲ ፀሐይ ታንከሩን እንደ ድስት እንደሚያግለው ሁለቱም አላሰቡም። ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት አልፏል።

አሁን ዘቢባ መልስ ትጠብቃለች። ተቅዋ አፏን ከፈተች። «እኔ ነኝ» ማለት ምን ያህል ነገር ነው? ግን ረምዚ ሳፋው አጠገብ ራቁቱን ቆሟል፤ የቀጠኑ እግሮቹን ስታይ አፏን መልሳ ዘጋች። ወንድሜን ያሳመምኩት እኔ ነኝ ማለት ሆነባት።

«ይረፍድብሻል፣ ሂጂ» አለቻት እናቷ። ሄደች።

ክፍል ውስጥ የተባለው አንድም ነገር ጆሮዋ አልገባም። እኩለ ቀን ላይ ስትመለስ የውብዳር ከማድ ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍሏ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ እየከተተች ነበር።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ደሴ። እናትሽ አሰናብተውኛል። ባንቴ የሚባል የአገሬ ልጅ ከወደብ ጭኖ ዛሬ ይወጣል። መኪናው ላይ ቦታ አለ ብሎኛል።»

«እዚሁ ጎረቤት ያሉት እትዬ ሙኒራስ? ሁልጊዜ ‹እኔ ጋ ነይ› ይሉሽ የለ?»

«ሄጄ ነበር። በሩን አልከፈቱልኝም።» የውብዳር ሻንጣው አልዘጋ ቢላት ተቀመጠችበት። «እናትሽ ደውለውላቸዋል። የሕፃን ውሃ ያበላሸች ሠራተኛን ማን ቤቱ ያስገባል? እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«እኔ ብናገር ‹በልጄ አላከከች› ነው የምባለው። ከአንቺ አፍ ሲወጣ ነበር የሚታመነው።» ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። «ጠበቅኩሽ እኮ፣ ተቅዬ።»

ተቅዋ ልቧ ስብር አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ፀጉሯን የጎነጎነችላት፣ ትኩሳት ሲይዛት አጠገቧ ያደረች ሴት ናት። «አሁኑኑ እነግራታለሁ» አለች። ያለችውም ከልቧ ነው።

ወዲያው ባንቴ የላከው ታክሲ ውጭ ጥሩምባውን ነፋ። ዘቢባ ወጥታ በሩን ከፈተች። የውብዳር የረምዚን ግንባር ሳመች፣ «እትዬ፣ ላጠፋሁት ሁሉ ይቅር ይበሉኝ» አለችና ወጣች። ተቅዋ ከእናቷ ጎን ቆማ ነበር። ታክሲው መንገዱ ጫፍ ደርሶ እስኪታጠፍ ድረስ አንድ ቃል አልወጣትም።

አሥር ሰዓት ላይ ከይረዲን ታንከሩን ሊያፈስ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ተቅዋም መጥረጊያ ይዛ ተከተለችው። ከሥሩ የወጣው አብዛኛው የሞተ ነው። በሕይወት የተረፉት ጥቂቶች የጋለው ሲሚንቶ ላይ ተፈናጠሩ። በእጇ እየለቀመች ባልዲ ውስጥ ለመክተት ሞከረች፤ የደረሰችው ለሦስት ብቻ ነው። አባቷ አንዷን አንስቶ ብርቱካን የመሰለ ጅራቷን አየ።

«ይቺ የአንቺ ዓሣ አይደለችም?»

ዘቢባ ጥግ ላይ የተሰጣውን አንሶላ ታወርድ ነበር። «ያቺ ሴትዮ ናታ» አለች። «ገንዳውን ማጠብ ሰልችቷት እዚህ ደፍታቸው ነው። አይደል ተቅዋ?»

«አዎ» ብትል በቃ፣ ያልቃል። የውብዳር ሄዳለች፤ ረምዚም እየተሻለው ነው። ከእንግዲህ የሚጠይቃት የለም።

«እኔ ነኝ» አለች ተቅዋ። «እሷ ያየችኝ ከደፋሁ በኋላ ነው። እንዳትነግሪብኝ ብዬ ለመንኳት።»

አንሶላው ከዘቢባ እጅ ወደቀ። ቁጣውን የጠበቀችው ተቅዋ እናቷ ስልኳን ስታወጣ አየች። ዘቢባ ደወለች። ስልኩ ከታች፣ ከባዶዋ ክፍል ሲጮህ ሦስቱም ሰሙት። የቤቱ ስልክ ስለሆነ የውብዳር ትታው ሄዳለች።

ከይረዲን የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ወደ ወደቡ በረረ። ሳይመሽ ብቻውን ተመለሰ። የባንቴ መኪና ከወጣ ቆይቷል። ዘቢባ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«ለሰው ግን አናወራም» አለች ፊቷን እየጠረገች። «ሄዳለች፣ አለቀ። አንቺን ደግሞ መጠቋቆሚያ አላደርግሽም።»

«እሷንስ፣ እማ?»

ተቅዋ ጫማዋን አጠለቀችና ወጣች፤ የሚከለክላት አልነበረም። ሁለት ቤት አልፋ የሙኒራን በር አንኳኳች።

ሙኒራ በሩን ገርበብ አደረገችው። ከኋላዋ የሰፈሩ ሴቶች ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ።

«ምነው ልጄ፣ ሰላም ነው?»

«ስለ የውብዳር ልነግርዎት ነው።»

«እሱንማ እናትሽ ነግራኛለች። አሁን እንግዶች አሉብኝ፤ ነገ ብትመጪስ?»

«እነሱም እንዲሰሙ ነው» አለች ተቅዋ፣ ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ ገባች።