ጀርባዋን ለድልድዩ የሰጠች ሴት

ኪኑዮ የሞተችው ፈገግ እንዳለች ነው። በዚህ ላይ በጀልባዋ የነበሩት እንግዶች በሙሉ ይስማማሉ። ደወሉ ተደወለ፤ ከፊት የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ «ኧረ ተጠንቀቂ!» ብሎ ጮኸ፤ እሷ ግን ሰውየውን አየት አድርጋ ፈገግ አለችለት። ወዲያው የርግብ ድልድይ የድንጋይ ጠርዝ ማጅራቷን መታት። ጀልባዋ ከድልድዩ ስር ወጥታ ብርሃን ስታገኝ አስጎብኚዋ እንግዶቹ እግር ስር ተዘርግታ ነበር። ነጭ ባርኔጣዋ ወንዙ ላይ ይንሳፈፍ ነበር።

የኦሳካ አስጎብኚ ለእንግዳ ጀርባዋን አትሰጥም። ኪኑዮም ዕድሜ ልኳን በጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቆማ፣ ፊቷን ወደ እንግዶቹ አዙራ፣ ግንቡን፣ ማማውንና የገበያውን ግርግር ስታስተዋውቅ ኖራለች። ድልድዮቹ የሚመጡት ከኋላዋ ነው። እንግዶቹ ዝቅ ብለው ስለሚቀመጡ አይነካቸውም፤ የቆመ ሰው ግን ወዮለት። ስለዚህ ከኋላ መሪውን የያዙት ሽማግሌው ጌንዞ ድልድይ ሲቀርብ ደወል ይደውላሉ። ኪኑዮ ወሬዋን ሳታቋርጥ ዝቅ ትላለች፤ ከወዲያኛው በኩል ባርኔጣዋን አንስታ ቀና ስትል እንግዶቹ ያጨበጭባሉ።

«ደወሉን ሰምታ ካልጎነበሰች መጎንበስ አልፈለገችም ማለት ነው» አለ ፖሊስ ጣቢያው። ፋይሉ ሊዘጋ ተቃርቧል።

ወደቡ ላይ ትኬት የምትሸጠው ልጇ ሪትሱኮ ይህን ከሰማች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። እናት መሞቷ አንድ ነገር ነው፤ ወዳ ሞተች መባሉ ግን ሌላ ነው። በዚያው ዕለት ጠዋት እናቷ ሐብሐብ ገዝታ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብታ ነበር። ሐብሐቡ እስካሁን እዚያው ነው፤ ሪትሱኮ በሩን ከፍታ ታየውና መልሳ ትዘጋዋለች። «ምን አድርጌያት ነው ጥላኝ የሄደችው?» እያለች ራሷን ትጠይቃለች።

ፋይሉ ከመዘጋቱ በፊት ግን መርማሪ ሺራኪ «እስቲ እኔ ልየው» አለች። አጭር፣ ደንዳና፣ ማራገቢያ ከእጇ የማይለይ፣ ምላሷም እንደ ማራገቢያዋ የማያርፍ ሴት ናት።

«እኔ ደውያለሁ!» አሉ ጌንዞ፣ ገና ከጀልባው ሳይወርዱ። «ሁለቴ ደውያለሁ! እንግዶቹን ጠይቂ!»

«አባባ ጌንዞ፣ አልደወሉም ያለዎት ማን ነው? ይቀመጡ እስቲ፣ እርስዎ ሲንቀጠቀጡ ጀልባውም አብሮ ተንቀጠቀጠ። ከኪኑዮ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«ድሮ አዎ። ካለፈው የብርድ ወቅት ወዲህ ግን ኮራችብኝ። ከኋላዋ ሆኜ ብጠራት፣ ብጣራ፣ ዞር አትልም። ይቅር ይበለኝ፣ አንድ ቀን ሰድቤያታለሁ።»

ካኦሩ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ኪኑዮ አጠገቧ አቁማ ሥራውን ያስተማረቻት ወጣት አስጎብኚ ናት፤ ከሪትሱኮ ጋር እንደ እህት ናቸው። «ኩሩ? ኧረ አባባ ጌንዞ ምን ነካዎት! እትዬ ኪኑዮን ፊት ለፊቷ ቆሞ ላናገራት ሰው፣ ከእሷ የበለጠ ተጫዋች የት ይገኛል?»

«አንቺ በዚያን ሰዓት የት ነበርሽ?» አለቻት ሺራኪ።

«ተራዬ ከሰዓት ነበር። ባቡር ጣቢያው ጋ ምሳ ልገዛ ሄጄ ነበር። ጩኸት ስሰማ ሮጥኩ።»

የጀልባዎቹ ባለቤት ኩራሞቺ ላቡን እየጠረገ ሺራኪን ቢሮው በር ላይ ተቀበላት። ግድግዳው ላይ በወጣትነቱ መሪ ይዞ የተነሳው ፎቶ ተሰቅሏል።

«ያሳዝናል» አለ። «እኔ ግን ጠርጥሬ ነበር። በዋዜማው ስልክ ደወለችልኝ። ‹ደከመኝ፣ ኑሮ ታከተኝ› አለችኝ። ብዙ አጽናናኋት፣ ብዙ አወራን።»

«ደግ ሰው ነዎት። ሙቀቱ ሲያልፍ ለእንግዶቹ የተቀዳ ድምፅ ልታሰሙ ነው ሲባል ሰማሁ፤ አስጎብኚዎቹስ?»

«አንዷ ብቻ ሥራ ላይ ትቀራለች፤ ሌላዋ ትሰናበታለች። ልምድ ያላት ኪኑዮ ነበረች የምትቀረው። ካኦሩ ጠይቃኝ ቁርጡን ነግሬያታለሁ። አሁን እንግዲህ...»

ሺራኪ ወደ ትኬት መሸጫዋ መጣችና ወንበር ስባ ከሪትሱኮ አጠገብ ተቀመጠች።

«የኔ ልጅ፣ እናትሽ መስማት ያቆመችው መቼ ነው?»

ሪትሱኮ የትኬት መሸጫዋን መስኮት ዘጋች። ሺራኪ ማራገቢያዋን ወደ እሷ አዞረችላት።

«ሰው ፊትሽ ቆሞ ሲጮህ ትደነግጫለሽ እንጂ ፈገግ አትይም። ያልሰማ ሰው ነው ሁሉን በፈገግታ የሚያልፈው። አማቴ ጆሯቸው ከደከመ በኋላ ስሰድባቸውም ፈገግ ይሉልኝ ነበር። ኩሩ ስለሆኑ አይደለም።»

ሪትሱኮ የያዘችው እንባ አመለጣት። «ካለፈው የብርድ ወቅት ጀምሮ ነው። ከታወቀ ከሥራ ትባረራለች። ያለ ጀልባዋ ደግሞ እናቴ አንድ ቀን አታድርም። ቀስ ብሎ የሚያወራን ሰው ከንፈሩን አይታ ትረዳዋለች፣ የጉብኝቱን ንግግር ደግሞ በቃሏ ታውቀዋለች...»

«ደወሉንስ?»

«ደወሉን ትታ ለእያንዳንዱ ድልድይ ምልክት ይዛ ነበር፤ ለዚህኛው ፋኖሱ ነው። የያሳቡሮ ጥብስ ቤት ቀዩ የወረቀት ፋኖስ ከድልድዩ በፊት ባለው የመጨረሻ ምሰሶ ላይ ነው የሚሰቀለው። ፋኖሱ በትከሻዋ በኩል ሲያልፍ ትጎነበሳለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ያን ዕለት ማታ ሄጄ አየሁት። ፋኖሱ ቦታው ላይ ነው! አልወደቀ፣ አልተነሳ። አይታው ነው ያልጎነበሰችው። መርማሪ፣ እናቴ ወዳ ነው የሞተችው።»

ሺራኪ ብድግ ብላ «ተነሺ፣ ጥብስ እጋብዝሻለሁ» አለቻት።

ያሳቡሮ ከሰሉን እያራገበ አጉረመረመ። «ፋኖሴን ማነው የነካብኝ? ረቡዕ ዕረፍቴ ነው፤ ሐሙስ ስመጣ ሽቦዬ ተቆርጧል፣ ፋኖሱ በገመድ ተጠፍሯል። ልፈታው ብታገል፣ በጥርሴ ሁሉ ብሞክር እምቢ አለኝ። ገመዱን በቢላ ቆርጬ ጣልኩት።»

«ጥርስህ ደህና ነው?»

«ከአንዱ በቀር።»

ኪኑዮ የሞተችው ረቡዕ ነው። ሺራኪ ሳትጠየፍ ቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ገልብጣ የተቆረጠውን ገመድ አወጣች። ሪትሱኮ ቋጠሮውን ስታይ አወቀችው። በየምሽቱ ጀልባዎቹ ወደቡ ላይ የሚታሰሩበት ቋጠሮ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሺራኪ ሁሉንም ጀልባው ላይ ሰበሰበቻቸው። ጌንዞ መሪውን ያዙ፤ ኩራሞቺ፣ ካኦሩ፣ ያሳቡሮና ሪትሱኮ በእንግዶቹ መቀመጫ ላይ ተደረደሩ። ድልድዩ አጠገብ ሲደርሱ ሞተሩ ጠፋ። መርማሪዋ ኪኑዮ ትቆምበት በነበረው ቦታ ላይ፣ ጀርባዋን ለድልድዩ ሰጥታ ቆመች።

«ኪኑዮ አትሰማም ነበር» አለች።

የጌንዞ እጅ ከመሪው ላይ ወደቀ። «ታዲያ እኔ ኩሩ ናት ስል... ስሰድባት...»

«አልሰማችዎትም አባባ። ቅር አይበልዎት። የምትተማመነው በያሳቡሮ ፋኖስ ነበር። ረቡዕ ዕለት አንድ ሰው ፋኖሱን ከዚህ ነቅሎ ከድልድዩ ወዲያ ሰቀለው። ኪኑዮ ፋኖሱን ስላላየች ገና ነው ብላ ቆመች። ጩኸቱ ሲነሳና ሰው ሁሉ ወደ ሬሳው ሲሮጥ ፋኖሱ ወደ ቦታው ተመለሰ። አንድ እንግዳ ያነሳት ፎቶ አለ፤ ድልድዩን እንጂ ፋኖሱን ማንም አላስተዋለም። ከድልድዩ ስር አሻግሮ፣ በወዲያኛው በኩል፣ ቀይ ነገር ይታያል።»

ገመዱን ከኪሷ አወጣች። «ይህን ቋጠሮ የሚያስረው የጀልባ ሰው ነው፤ ያሳቡሮ ጥርሱን ሰብሮበታል። አባባ ጌንዞ መሪው ላይ ነበሩ። ሪትሱኮ ሰልፍ ፊት ትኬት ትቆርጥ ነበር። ሁለት ሰው ቀረ።»

«እኔ አይደለሁም!» ኩራሞቺ ብድግ አለ።

«ይቀመጡ፣ እርስዎን ያዳነዎት ውሸትዎ ነው። የማትሰማ ሴት በስልክ ብዙ አወራችዎት? ያን ዕለት ባሕሩ ሞልቶ ወንዙን ከፍ አድርጎት፣ ጀልባዋም ለድልድዩ ከወትሮው ቀርባ ነበር። ጀልባዋን ማስቀረት ሲገባዎት ላኳት፤ ወዳ ሞተች ከተባለ እርስዎን የሚጠይቅ የለም። ነውር ነው። ግን እንደማትሰማ ቢያውቁ ይህን ውሸት አይዋሹም ነበር። ፋኖሱን ያዛወረው ሰው ደግሞ እንደማትሰማ ያውቃል።»

ሁሉም ወደ ካኦሩ ዞሩ።

«ጌንዞ ኩሩ ናት ሲሉ አንቺ ‹ፊት ለፊቷ ቆሞ ላናገራት› አልሽ» አለች ሺራኪ ረጋ ብላ። «አጠገቧ ቆመሽ ስትማሪ ዓይኗ ወዴት እንደሚሄድ አይተሻል። ሥራ ላይ የምትቀረው አንዷ እሷ መሆኗንም ታውቂ ነበር።»

ካኦሩ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ድልድዩ ባርኔጣዋን ብቻ ይጥለዋል ብዬ ነው! እንግዶቹ ፊት ትሸማቀቅና፣ አለመስማቷ ይታወቅና ሥራ ትታ ቤቷ ትቀመጣለች ብዬ... ሌላ ሥራ ማን ይሰጠኛል? ውሃው ያን ያህል መሙላቱን አላሰብኩም! አፈር ልብላ፣ አላሰብኩም!»

«ወንዝ ላይ እየዋልሽ?» አለች ሺራኪ። «አለመስማቷንስ ማን ነገረሽ?»

ካኦሩ አንገቷን ደፋች።

«እኔ» አለች ሪትሱኮ። «እኔ ነኝ የነገርኳት። ጀልባ ላይ አብረሻት ስትሆኚ ዓይንሽን ከእናቴ ላይ አታንሺ ብዬ ለምኜ ነገርኳት።» ወደ ካኦሩ ዞረች። «እንድትጠብቂያት እኮ ነው! ካኦሩ፣ እንድትጠብቂያት እኮ ነው የነገርኩሽ!»

ካኦሩ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። ሺራኪ ፎቶውን አውጥታ በሪትሱኮ ጉልበት ላይ አስቀመጠችላት።

ሰውየው ከመጮኹ በፊት የተነሳ ነው። ኪኑዮ እጇን ወደ ማማው ዘርግታ ታወራለች። ዓይኖቿ ግን እንግዶቹ ላይ አይደሉም፤ ወደ ግራው ዳርቻ ሸሽተዋል፣ ቅንድቦቿ ተቋጥረዋል።

«ፋኖሱን እየፈለገች ነው» አለች ሪትሱኮ።

«አዎ የኔ ልጅ። ልትጎነበስ ፈልጋ ነበር።»

ስትለምነው የሰነበተችው መልስ ይኸው ነበር። እናቷ አልተወቻትም። ሪትሱኮ ፎቶውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች።

ወንዙ እዚያ ጠባብ ስለሆነ ጀልባዋን አዙሮ ወደ ወደቡ ለመመለስ ድልድዩን ማለፍ ግድ ነው። ጌንዞ ሞተሩን አስነሱ፤ እጃቸው እንደ ልማዱ የደወሉን ገመድ ሁለቴ ሳበ። ሺራኪ ዝቅ አለች። ሪትሱኮም ተቀምጣ ሳለ ጎነበሰች፤ ግንባሯ እናቷ የወደቀችበትን ጣውላ እስኪነካ ድረስ። ጥላው በላያቸው አለፈ፣ ብርሃኑም ተመለሰ። ኪኑዮ ባርኔጣዋን አንስታ ቀና የምትለው እዚህ ላይ ነበር። ሪትሱኮ ግን ቀና አላለችም።